ኅዳር ላይ ኦክስፎርድ፦ ለመጽሐፍ ወዳጅ ያዋጣል?

ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ጎረቤቶች። መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ስልጠና ለንደን ሊልከኝ ነው። ጊዜው ኅዳር አጋማሽ ነው። ስልጠናው ዓርብ ያልቃል፤ በረራዬ ግን ሰኞ ማታ ነው። መሃል ያለችውን ጊዜ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ማሳለፍ አልፈልግም። ገንዘቡም የለኝም።

ኦክስፎርድ የሚለውን ስም መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ አብዛኞቻችሁ መዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ ነው። አባቴ ያቺን መዝገበ ቃላት በፕላስቲክ ለብዶ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ነበር የሚያስቀምጣት። ከተማ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። አሁን አጋጣሚው ሲገኝ ልየው ብዬ ቆርጫለሁ።

ባለቤቴ ይስቅብኛል። «ዩኒቨርሲቲ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ? ስድስት ኪሎ አለልሽ አይደል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ መድረስም ቀላል ጉዞ አይደለም።

የሄዳችሁበት ወይም የምታውቁ ንገሩኝ። እንደ አንባቢ ምን ልይ? የብራና መጻሕፍቶቻችን እዚያ አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ማየት ይቻላል ወይ? ደግሞ ኪሴን የማያራቁት ይሁን።


ገላን_ኮንዶ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡52

ተከታተልኩ። እኔም የምሄድ ይመስል።


ለቡ_ሙዚቃሰፈር
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እንኳን ደስ ያለሽ። ማስተርሴን የሠራሁት እዚያ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

ስትደርሺ «ዩኒቨርሲቲው የት ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ዋና በር የለውም። ስድስት ኪሎ በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያሽን ያያል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ከሰላሳ በላይ ኮሌጆች ከተማው ውስጥ ተበትነው ነው ያሉት። አንዱ ከባንክ ጎን፣ ሌላው ከልብስ ሱቅ ጀርባ። አብዛኞቹ የራሳቸው ጸሎት ቤት፣ የራሳቸው ምግብ አዳራሽ፣ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ከመንገድ ስታይው ግንብ ብቻ ነው። ከዚያ በትልቁ የእንጨት በር ውስጥ አንዲት ትንሽ በር ትከፈታለች። ጎንበስ ብለሽ ስትገቢ በአራት ወገን በድንጋይ ሕንፃ የተከበበ ሣር ታገኛለሽ። ሣሩን እንዳትረግጪ። በረኛው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ በጣም በትሕትና፣ መሬት እስክትገቢ ድረስ ያሳፍርሻል።

እዚያ ማስተማር የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር 1096 ገደማ ነው ይባላል። ቅዱስ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት ማለት ነው። አሁን የምታይው ድንጋይ ግን አብዛኛው ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ያንሳል።

መጓጓዣ፦ ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከቪክቶሪያ የሚነሳ አውቶቡስም አለ፤ ይዘገያል ግን ይረክሳል። ሰኞ ደግሞ ወደ ለንደን መመለስ አያስፈልግሽም። ከኦክስፎርድ ቀጥታ ሂትሮው የሚሄድ አውቶቡስ አለ።

ኅዳር ላይ ቀኑ አጭር ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ይመሻል፤ በነሱ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ኮሌጆች ጎብኚ የሚቀበሉት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ምሳ ላይ ከተዝናናሽ ግቢዎቹን በጨለማ ነው የምታያቸው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት አንብቢ። እነ ክራይስት ቸርች ያስከፍላሉ፣ ዋጋቸውም ይቆነጥጣል። በነፃ የሚያስገቡም አሉ።


ሰበታ_ጡረተኛመምህር
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

ልጄ፣ ስለ ብራናው መጠየቅሽ ደስ አሰኘኝ። እኔ እግሬ እዚያ ባይረግጥም ነገሩን ሳነበው ኖሬአለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ጎንደር ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢያቸው ውስጥ ነበሩ። ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ነበርና፣ ሰውየው ሕክምና ቢጤ ስለሚያውቅ በሩ ተከፈተለት። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ የግዕዝ ብራና ይዞ ተመለሰ። ክብረ ነገሥት አለበት። ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሄኖክም አለበት።

ሄኖክን እኛ ከመጽሐፍ ቅዱሳችን አውጥተነው አናውቅም። አውሮፓ ግን ጠፍቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ብሩስ አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። አንዱን ኦክስፎርድ ላለው ለቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ሦስተኛውም ከሌሎቹ ብራናዎቹ ጋር በ1843 ተሸጦ እዚያው ቦድሊያን ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለ የኦክስፎርድ የዕብራይስጥ መምህር ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው በ1821 ነው። ብራናው መደርደሪያ ላይ አርባ ምናምን ዓመት ከተቀመጠ በኋላ! የእኛ ሊቃውንት በየዐውደ ምሕረቱ ሲጠቅሱት የኖሩትን መጽሐፍ፣ እነሱ ከደጃፋቸው አስቀምጠውት ያን ያህል ቆዩ። ይህን ሳስብ ትንሽ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።


ጎሮ_አደባባይ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡28

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን እንደ ደስታ ማውራታችን ነው የሚያናድደኝ። የራሳችንን ንብረት ለማየት ቪዛ ለምነን፣ በፓውንድ ሆቴል ከፍለን፣ «ዋው» ብለን እንመለስ? የተዘረፈ ዕቃ ጉብኝት ነው ይሄ።


ሰበታ_ጡረተኛመምህር
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡51

ተው ልጄ፣ ሁለቱን አትደባልቅ። የተዘረፈው የመቅደላው ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዕቃና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ። ያን ሲሉኝ እኔም ደሜ ይፈላል። ከዚያ ውስጥ 350 ያህሉ ብራና የሚገኘው ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ብሩስ ግን ከዚያ መቶ ዓመት ቀድሞ የመጣ ሰው ነው። ጦር አላስከተለም።


ጎሮ_አደባባይ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡55

ልዩነቱን ተቀብያለሁ ጋሼ። ግን በጦርም ይሂድ በገንዘብ፣ ያለው እዚያ ነው። የግዕዝ ተማሪ ከዋሸራ ተነስቶ ሊያየው አይችልም። እኔ የምለው ይሄን ነው።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05

ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ እያነበብኩ ነው፤ ሳላውቀው ቃሊቲ ደረስኩ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ።

ጎሮ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን አለማየቴ መጽሐፉን አይመልሰውም። ለቡ፣ በቁም ነገር ንገረኝ፦ ሄጄ «ሄኖክን አሳዩኝ» ብል ያሳዩኛል?


ለቡ_ሙዚቃሰፈር
ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡20

አያሳዩሽም። ብራና ለማየት የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱን ለማውጣት ቀድሞ ማመልከት፣ ለምን እንደፈለግሽው ማስረዳት አለብሽ። ተመራማሪ ካልሆንሽ ለቅዳሜና እሁድ ብለሽ የምትደክሚበት አይደለም። ብሮድ ስትሪት ላይ ዌስተን የሚባለው የቦድሊያን ሕንፃ ግን በነፃ የሚታይ ኤግዚቢሽን አለው። ያን ሰሞን ምን እንዳወጡ ድረ ገጻቸውን እዪ።

ብራናው ባይታይም ቤቱ ይታያል። ቦድሊያን በ1602 የተከፈተ ነው። ቶማስ ቦድሊ የሚባል ዲፕሎማት ነው ያቋቋመው። ወመዘክር አገር ውስጥ ከሚታተመው መጽሐፍ ቅጂ እንደሚሰበስበው፣ እዚያም ከ1610 ጀምሮ ከአታሚዎቹ ማኅበር ጋር ተዋውለው ይሰበስባሉ። ቦታው አልቆባቸው ከመሬት በታች ቆፍረዋል፣ ሌላ ከተማ ላይ መጋዘን ሠርተዋል።

የምወደውን ታሪክ ልንገርሽ። ቦድሊያን መጽሐፍ አያውስም። ለማንም። በ1645 እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ መቀመጫቸውን ኦክስፎርድ አድርገው ነበር። መጽሐፍ ለመዋስ ሰው ቢልኩ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደንቡን አሳያቸውና ከለከላቸው። ንጉሡም እሺ ብለው ተዉት። በኋላ ያሸነፋቸው ክሮምዌልም ሲጠይቅ ያው መልስ ነው የተሰጠው። እኔ ላዋስኳቸው መጻሕፍት በየሰዉ ቤት ስለቀሩት ሁሉ ያን ሰውዬ አስታውሰዋለሁ። (ይህን የምታነብ አንተ አያት ያለኸው፣ ሁለት ዓመት ሞላህ።)

እስከ ዛሬ አንባቢ ሆኖ የሚመዘገብ ሰው ቃል ይገባል። መጽሐፉን ላያበላሽ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እሳት ላያስገባ፣ ላይለኩስ። እኔም እንግሊዝኛው ምላሴ ላይ እየተንከባለለ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ከጎኔ የቆመችው ቻይናዊት በራሷ ቋንቋ ነበር የማለችው።

በአስጎብኚ የሚገባበትን ጉብኝት ቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ። ዲቪኒቲ ስኩል የሚባለው አዳራሽ በ1488 ነው ያለቀው። ጣሪያው ድንጋይ ነው፤ ስታይው ግን ዳንቴል ይመስላል። ልጆች ካሉሽ ፎቶ አንሺላቸው፤ የዚያ የጠንቋዩ ልጅ የሃሪ ፖተር ፊልም ሆስፒታል እዚያ ነው የተቀረጸው።


አያት_የቀበናልጅ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡02

መጽሐፍህን እመልሳለሁ፤ ሰው ፊት አታዋርደኝ።


አያት_ዞን5
ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

እኔ ግን ከባልሽ ጋር ነኝ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። ጥንታዊ የትምህርት ከተማ ማየት ከሆነ አምሮትሽ ጎንደር ምን አጠፋች?

አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ። ግቢው ውስጥ ስትገቢ ሰው ሁሉ የፋሲልን ግንብ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። አለፍ ብሎ ግን የልጃቸው የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ራሱን የቻለ ሕንፃ፣ ለመጽሐፍ ብቻ! ቦድሊያን ሲከፈትና እሱ ሲሠራ መሃላቸው ያለው ልዩነት አንድ መቶ ዓመት አይሞላም። ከዚያ የአፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ አለ። ንጉሥ መጽሐፍ ቤትና ዜማ ቤት አሠርቶ ይኖርበት የነበረ ግቢ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት ተደርድሯል፤ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ቁልቁል ያይሻል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል እሱ ተርፏል። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ ያገሩ ሰዎች። የአቋቋም መምህር ልሁን ያለ ዛሬም ጎንደር በአታ ይወርዳል። ዘመናዊውን ዩኒቨርሲቲ ካልሽም በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው እዚያ ነው። ይሄን ሁሉ ሳያዩ ኦክስፎርድ መሄድ ለእኔ እናትን ሳይስሙ ጎረቤት መሳም ነው።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ጎንደርን ማን ጠላ? የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት ግን ዛሬ ነው የሰማሁት፣ አመሰግናለሁ። የለንደኑን ትኬት የከፈለው መሥሪያ ቤቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጎንደር በራሴ ደመወዝ ነው። ተራዋ ይደርሳል።


ገላን_ኮንዶ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ለጥምቀት ካሰብሽ ሆቴሉን ካሁኑ ያዢ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አልጋ ማግኘቱ ነው ከባዱ።


ኮዬፈጬ_ብሎክ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ከርዕሱ ልውጣና፣ ቪዛሽን ማን እያስጨረሰልሽ ነው? «መቶ በመቶ እናስመታለን» የሚሉ ቢሮዎች አሉ። እህቴን አንዱ ቢሮ ገንዘቧን ተቀብሎ ፎርሙን በማይረባ ወሬ ሞልቶ አስከለከላት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ራስሽ ሙይው። አሻራ ለመስጠት ብቻ ነው የምትሄጂው። ያልተጻፈ እውነት ይሻላል እንጂ የተጻፈ ውሸት አያሳልፍም።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡08

እኛ ቢሮ የሰው ኃይል ክፍሉ ነው የያዘው። ለእህትሽ አዝናለሁ።


የካአባዶ_ማንበቢያ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡40

ስለ ብራናው ተወራ፤ ስለ ጸሐፊዎቹ ዝም ተባለ። አንባቢ ነኝ ካልሽ ፔምብሩክ ኮሌጅን እንዳትዘይው። ከክራይስት ቸርች ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግረሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ጎብኚ አይረባረብበትም።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1728 የገባው እዚያ ነው። ኋላ ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሰው። ያኔ ግን የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ፣ ድሃ ተማሪ ነበር። ጓደኛው ክራይስት ቸርች ይማር ስለነበር የሌክቸር ማስታወሻ ሊቀዳ መንገዱን እየተሻገረ ይሄዳል። አንድ ቀን ጫማው ተቀዶ ጣቶቹ መታየታቸውን ልጆቹ እንዳዩበት ገባው። መሄዱን ተወ። ከዚያ አንድ ደግ ሰው አዲስ ጫማ በሩ ላይ አስቀመጠለት። ጆንሰን ጫማውን አንስቶ ወረወረው። ይሄ ሰው ወሎዬ ነው ወይስ እንግሊዛዊ? ገንዘብ አልቆበት ከአንድ ዓመት ትንሽ አልፎ ሳይመረቅ ወጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያው ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ብሎ አከበረው።

ለእኛ ዋናው ግን ሌላ ነው። ጆንሰን በወጣትነቱ የፖርቱጋሉን ሚሲዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። ከዚያ በ1759 ራስላስ የሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ያለበትን ልብ ወለድ ጻፈ። ልዑሉ የሚኖረው ሁሉ ነገር በሞላበት በተራራ የተከበበ ሸለቆ ነው፤ መውጣት ግን አይችልም። የነገሥታት ልጆች አምባ ላይ ይታሰሩ የነበረውን ታሪካችንን ሰምቶ ነው። የጻፈው እናቱ ሲሞቱ የቀብራቸውን ወጪ ለመሸፈን፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ነው ይባላል። እግሩ ኢትዮጵያን አልረገጠም፣ ያስታውቃልም። ኢትዮጵያን ልታይበት ካነበብሽው ታዝኛለሽ። ሁሉ ሞልቶለት የሚቅበጠበጥ ሰው ለማየት ከሆነ ግን ደህና ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። አሮጌ መጽሐፍ ተራ ካየሽው አትለፊው።

አንድ ሌላ፦ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚባለው ገጣሚውን ሼሊን በ1811 አባሮታል። ስለ አምላክ አለመኖር የጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ የኔ ነው ወይም አይደለም አልልም በማለቱ ነው። ልጁ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ባሕር ላይ ሞተ። ዛሬ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ራቁቱን የተዘረጋ የእብነ በረድ ሐውልት አለው። ሲሞት አክብሮ መቅበር የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።


ሰበታ_ጡረተኛመምህር
ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ልጅ እንዳልካቸው መኰንንም የኦክስፎርድ ኦሪየል ኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማለቴ ነው። ጸሐፊም ነበሩ። ኦሪየል በር ላይ ስትደርሺ በልብሽ አንዲት ጸሎት አድርሺላቸው።


ከቡራዩ_ለንደን
ሐሙስ፣ ሌሊት 5፡15

ሰላም የኔ እህት። ቡራዩ ነው ያደግኩት፣ አሁን ለንደን ነርስ ነኝ። ወንዶቹ የድንጋዩንና የንጉሡን ነገር ነገሩሽ፤ እኔ በነፃ የሚገኘውን ልንገርሽ።

አሽሞሊያን ሙዚየም በነፃ ነው፤ በ1683 የተከፈተ ነው። ፒት ሪቨርስም በነፃ ነው። መግቢያው በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ ነው፤ ዳይኖሰሮቹን አልፈሽ ከኋላ በኩል ትገቢያለሽ። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ከበሮው ከከበሮ ጋር፣ ጦሩ ከጦር ጋር፣ የየትም አገር ይሁን ተደርድሯል። ጽሑፉ ብዙው በእጅ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ነው፤ መነጽርሽን ያዢ። በ1910 አዲስ አበባ የተወለደው ተጓዡ ቴሲገር ፎቶዎቹን የተወው ለዚህ ሙዚየም ነው።

ማታ ማታ ደግሞ መዘምራኑ አሉ። ክራይስት ቸርች፣ ኒው ኮሌጅና ሞድሊን ኮሌጅ የታወቁ የልጆች መዘምራን አሏቸው። ሞድሊን ሲጻፍ ማግዳሌን ነው፤ እንደተጻፈው ብትጠሪው ወዲያው እንግዳ መሆንሽ ይታወቃል። ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት የሠርክ ጸሎት ላይ ይዘምራሉ፤ ኅዳር አጋማሽ ደግሞ ትምህርት ነው። ለጸሎት የሚገባ ሰው አይከፍልም። ቀን ላይ የሚያስከፍሉበት ክራይስት ቸርች ማታ በነፃ ነው። ከበሮ የለም፣ ጽናጽል የለም፣ ማንም አያሸበሽብም። እኔ መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለብኝ። ከዚያ አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ሰፊ ነጭ ልብሱ ውስጥ የጠፋ፣ ብቻውን አወጣው። ከጎኔ የነበሩ አሮጊት መሐረብ አቀበሉኝ።

ካርድ ያዢ፤ አውቶቡስ ላይም ቡና ላይም ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ጃንጥላ እርሺው፣ ንፋሱ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት ካልደከመሽ የእንግሊዝ ነገሥታት ግንብ ያለበት ዊንዘር ውረጂ። ከፓዲንግተን የሚነሳው ባቡር ስላው ላይ ይቆማል፤ እዚያ ትቀይሪያለሽ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተቀበረው ዊንዘር ነው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት። ከመቅደላ ሲወስዱት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። መቃብሩን አታይውም፤ ውጭ በኩል ከመሬት በታች ነው። ውስጥ ግን ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችው የናስ ጽሑፍ አለ። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ነው የጻፉበት። አጥንቱ ይመለስ ተብሎ ተጠይቆ በ2023 ቤተ መንግሥቱ እንቢ ብሏል። ያን ጽሑፍ ቆሜ ሳነብ የተሰማኝን ለመጻፍ አልችልም። ጎሮ፣ አንተ ብታየው ግድግዳውን በእርግጫ ትለው ነበር።

እሁድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ግንቡ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ቅዳሜ። መግቢያው ውድ ነው፣ በኢንተርኔት ቀድመሽ ከገዛሽ ይቀንሳል።


ጎሮ_አደባባይ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10

«ተቀብላችሁኛልና» ብለው ጻፉበት? አስረው ወስደው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ሂጂ። ሄደሽ አንብቢው። ይሄንን ማየት አለብሽ፤ ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ ማለት ግን አይደለም።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ
ዓርብ፣ ቀን 6፡45

እሺ፣ ወሰንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዊንዘር፣ ከሰዓት ኦክስፎርድ። እሁድ ቦድሊያንና ፔምብሩክ፣ ማታ መዘምራኑ። ሰኞ ሙዚየምና ሱቅ። የቡራዩዋ እህቴ፣ ሻንጣዬን ግን ምን ላድርገው? ዊንዘር ይዤው ልዙር?


ከቡራዩ_ለንደን
ዓርብ፣ ማታ 1፡30

ትልቅ ሻንጣ ይዘሽ አያስገቡሽም። ዓርብ ማታ እኛ ቤት እደሪ። ሻንጣውን ትተሽ በትንሽ ቦርሳ ሂጂ። ሰኞ ሥራዬ ሂትሮው አጠገብ ነው፣ አመጣልሻለሁ። ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ። በርበሬ እንዳታመጪ አልልም።


ለቡ_ሙዚቃሰፈር
ዓርብ፣ ማታ 2፡05

የሰኞ ጠዋትሽን ብላክዌል መጽሐፍ ቤት አድርጊው። ብሮድ ስትሪት ላይ ነው፣ ከ1879 ጀምሮ። ከውጭ የሰፈር ሱቅ ይመስላል። ደረጃውን ስትወርጂ ኖሪንግተን የሚባል ክፍል አለ፤ በ1966 ከጎኑ ያለውን ኮሌጅ ግቢ ከሥር ቆፍረው ነው ያስፋፉት። መደርደሪያው ቢቀጣጠል አምስት ኪሎ ሜትር ይጠጋል።  ቆመሽ ብታነቢ ማንም አይናገርሽም።

መግዛት ግን ሌላ ቦታ ነው። ሴንት ጃይልስ ላይ የኦክስፋም ያገለገሉ መጻሕፍት ሱቅ አለ። ኦክስፋም ራሱ የተመሠረተው እዚያ ከተማ በ1942 ነው። ፕሮፌሰሮቹ ቤት ሲቀይሩ የሚጥሉት ሁሉ እዚያ ይመጣል። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ እዚያ ነው የምታገኚው፣ ጉዞ የሚለው መደርደሪያ ላይ። ጠዋት ሲከፍቱ ግቢ።


የካአባዶ_ማንበቢያ
ዓርብ፣ ማታ 2፡20

የጆንሰንን ራስላስ በእንግሊዝኛ ካገኘሽ ለእኔ አንድ። ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ ኪሎ አይዝም።


አያት_ዞን5
ዓርብ፣ ማታ 2፡24

ለእኔ ስለ ጎንደር የተጻፈ ማንኛውም ነገር። ከባድ ቢሆንም ግድ የለኝም።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ
ዓርብ፣ ማታ 2፡31

ዝርዝር የምትልኩ ሁሉ ብሩን በቴሌብር አስቀድማችሁ ላኩ። የመንገደኛው ኪሎ አልቆ በርበሬውን እንዳልጥል።


ገላን_ኮንዶ
ዓርብ፣ ማታ 2፡33

ይሄን ክር መከታተል ትቻለሁ።